ጭኑ ላይ ያኖርኩት ሸክላ

ጅግጅጋ ውስጥ የድሮ የጭፈራ ጃዝ ሸክላ የምንሰበስብ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እኔና አንድ ልብስ ሰፊ። ከተማው ለአንድ ሰው እንኳ የሚበቃ ሸክላ አልነበረውም። ስለዚህ ጓደኛሞች ሆንን፤ በዚያው ምክንያትም ተጠላላን። ተጠላላን ስል ማጋነኔ ነው፣ እሱ አልጠላኝም። የጠላሁት እኔ ነኝ።

የሸክላ በሽታው ከአባቴ ነው የተጋባብኝ። አባቴ በጦር ሠራዊቱ የማርሽ ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ይነፋ ነበር። ሲሞት አሥራ ሁለት ሸክላና በእጅ የሚጠመዘዝ፣ ሲዘጋ ሻንጣ የሚመስል ግራማፎን ተወልኝ። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ፍራሹንና ድስቱን ሲያሸሽ እኔ ሸክላዎቼን ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብሬ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ነበር። አሥራ አምስት ሰው አንድ ላይ የሚነፋበት፣ ከበሮው ሥራ እንደረፈደበት ሰው የሚራመድ፣ ቁጭ ብለው ሊሰሙት የማይቻል ሙዚቃ ነው። ስዊንግ ይሉታል። ቀስ ያለና የሚያላዝን ከሆነ ሁለታችንም አንፈልገውም፤ የምንሰበስበው ሊጨፈርበት ነው።

ለጭፈራ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የልብስ ሰፊው እግር ነበር። አዲስ ሸክላ ሲመጣ ስፌት መኪናው ላይ ይቀመጥና ከሙዚቃው ጋር ፔዳሉን ይረግጣል። መኪናው ሳይንገጫገጭ፣ ክሩን ሳይበጥስ ከሰፋ ሸክላው አለፈ። ካልሆነ "ይሄ ለለቅሶ ነው" ብሎ ይመልሰዋል። የግራማፎን መርፌ ስለማይገኝ ከሽንሌ በሚያስመጣው የግራር እሾህ ነበር የሚያጫውተው፤ እሾህ ሸክላ አይቧጭርም። የሸክላዎቹ የወረቀት ልባስ ሲበጣጠስም ለእሱም ለእኔም በዓመቱ ከተረፈው ጨርቅ ቁልፍ ያለው ከረጢት ይሰፋል። አንድ ዓመት ከአቡጀዲ፣ አንድ ዓመት ከወታደር ድንኳን ሸራ፣ አንድ ዓመት ከተማሪዎች ዩኒፎርም። አንዱን ጨርቅ ሁለት ዓመት አይደግምም። ከረጢቱን ዳሰስ አድርጎ ሸክላው መቼ እጃችን እንደገባ ይነግርሃል። ይህን ልማዱን መርሳቴ ነው በኋላ ጉድ ያፈላብኝ።

እሱ የሽንሌ ልጅ ነው፣ ወጣትነቱን ግን ድሬዳዋ አሳልፏል። ጭፈራ የተማረው እዚያ፣ የባቡር ሠራተኞች በሚዝናኑበት ክበብ ነው፤ ሚስቱንም ያገኛት እዚያው ነው። የሁለቱ የሆነ አንድ ዘፈን ነበራቸው። ስሙን አያውቅም፣ የባንዱንም ስም አያውቅም። የክበቡ ሸክላዎች ተበታተኑ፣ ሚስቱ ሴት ልጃቸውን ወልዳ በሳምንቱ ሞተች፣ ከዘፈኑ የቀረለት ፉጨት ብቻ ሆነ። ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ረገጥ ረገጥ እያለ ይወርዳል። ልብስ ሲለካ ያፏጨዋል፣ ቁልፍ ሲተክል ያፏጨዋል፣ ከጅቡቲ ለሚመጣ ነጋዴ ሁሉ ያፏጭለታል። በዕድሜ አሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ አንቱ ስለው ይቆጣ ስለነበር ግን አንተ ነበር የምንባባለው።

"አንድ ጊዜ ላግኘው" ይለኛል። "አንድ ጊዜ ተነስቼ ልጨፍርበት። ከዚያ ሌላውን ሸክላ ሁሉ አንተ ውሰድ፣ ወላሂ።"

ለዚህ ሲል ያልሄድንበት የለም። አንድ ጊዜ በሽንሌ በኩል ያለችው ደምበል ድረስ ፍየል በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥለን ሄደን፣ "ጥቁር ክብ ነገር፣ መሐሉ ቀዳዳ" የተባለው ያረጀ የመኪና ፍሪሲዮን ሆኖ አገኘነው። እኔ ተናድጄ አላናግርም ስል እሱ እስከ ጅግጅጋ እየሳቀ ነበር የተመለሰው። ሳቁ ሲያልቅ ያፏጫል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስፌት መኪናው ግድግዳ ተጠግቶ፣ መጋረጃው ተዘግቶ ቤቱ ጭፈራ ቤት ይሆናል። አስተማሪዎች፣ ነርሶች፣ እንደኔ ያሉ የቢሮ ጸሐፊዎች ይመጣሉ። ሸክላው በአብዛኛው የእኔ ነው፤ የሚታየው ግን እሱ ነው። ያ ቀጭን ሰው በሽርጡ ብድግ ሲል ጠባቡ ቤት ይሰፋል። አንድ ቅዳሜ፣ ወራት ሙሉ ሳስባት የከረምኩትን ነርስ ደፍሬ አስነሳኋት። ሁለት ጊዜ እግሯን ረገጥኳት። በሁለተኛው ጮኸች። ልብስ ሰፊው ሸክላውን አቆመና የእንጨት ወንበር አምጥቶ መደገፊያውን አስያዘኝ።

"መጀመሪያ ከዚህ ጋር ተለማመድ" አለኝ። "ይሄ ብትረግጠው አይጮህም።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ነርሷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጥዬ ብወጣ የባሰ መሳቂያ ስለምሆን ወንበሩን አቅፌ ሸክላው እስኪያልቅ ዞርኩ። እሱ ሰኞ ዕለት ረስቶታል፤ ሱሪዬን ሲለካ እያፏጨ ነበር። እኔ ግን ጥርስ ነከስኩበት።

ከዚያ አንድ ዓመት ቆይቶ ይሆናል፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለችው ደወሌ አንዲት አሮጊት ዘንድ አንድ ሣጥን ሸክላ አለ ተባለ፤ ባሏ ጅቡቲ ለፈረንጆች ምግብ አብሳይ ነበር። ግራማፎኑን ተሸክመን፣ በድሬዳዋ አድርገን በባቡር ሄድን። ልብስ ሰፊው ለጉዞው ስምንት አዳዲስ ከረጢቶች ሰፍቶ ነበር፣ ከአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ከተረፈ ሐምራዊ ሳቲን። የደረስነው ዓርብ፣ ጁምዓ ሊሰገድ ሲል ነበር። እሱ ወደ መስጊድ፣ እኔ ወደ አሮጊቷ ግቢ ሄድን።

ሴትዮዋ አንዱን ሸክላ የውሃ በርሜል ከድናበታለች። መጀመሪያ እሱን አነሳሁ። ጠረግኩት፣ ግራማፎኑ ላይ አስቀመጥኩትና እሾሁን ጣልኩበት። ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ወጣ። ቀጥ አለ። ትሮምቦኖቹ ረገጥ ረገጥ እያሉ መውረድ ሲጀምሩ እሾሁን ብድግ አደረግኩ። እጄ ነው ከእኔ ቀድሞ የወሰነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን እኔ ነኝ። መስጊዱ ሩቅ ስላልነበረ እንዳይሰማው ፈርቼ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አሮጊቷ በሶማልኛ "ምነው፣ ተበላሽቷል?" ስትለኝ "አይ፣ ለለቅሶ ነው" አልኳት።

በዚያ መስመር ፊናንስ የምንላቸው የጉምሩክ ጠባቂዎች ባቡሩ ላይ ወጥተው ይፈትሻሉ፤ በአንድ ሰው እጅ ብዙ ዕቃ ካገኙ ይወርሳሉ። ስለዚህ ነጋዴ ሴቶቹ ፍተሻው ሲቃረብ "ይቺን ያዝልኝ" እያሉ ዕቃቸውን ለተሳፋሪው ያድላሉ፣ ሲያልፍ ይሰበስባሉ። ማንም እምቢ አይልም፣ የሰው ዕቃም ማንም አያስቀርም። እኛም ከአሮጊቷ ከገዛናቸው ስምንት ሸክላዎች ሰባቱን እንደዚያው አደልን። ያንን ግን ለማን ልስጥ? አንዷ ልትቀመጥበት ነው፣ አንዱ ሊያራግብበት። ከፉርጎው ሰው ሁሉ ሸክላ መያዝ የሚያውቅ አንድ ብቻ ነው። ከረጢቱን ቆለፍኩና የልብስ ሰፊው ጭን ላይ አኖርኩት።

"ምንድን ነው?" አለኝ።

"ለለቅሶ ከሚሆኑት ነው። ለማሟያ ያመጣሁት ነው።"

"ቢሆንም ሸክላ ነው" አለና በሁለት እጁ ያዘው።

ሽንሌ ሳንደርስ ባቡሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። ከላይ ከመደርደሪያው የተምር ጆንያ ወረደ። ልብስ ሰፊው ፊቱን አልተከላከለም፤ ሸክላው ላይ ተደፋ። ጆንያው ትከሻውን ሲመታው እጁ ከመቀመጫው ብረት ጋር ተላተመና የቀኝ አውራ ጣቱ ተሰበረ። ደሙ እንዳይነካው ከረጢቱን ከፍ አድርጎ ይዞ "ተርፏል፣ ተርፏል" ይለኛል። ፊናንሱ አዝኖለት ሳይፈትሸው አለፈ። ጅግጅጋ ስንደርስ ሸክላውን ከእጁ ተቀበልኩት። ሁለት ወር መቀስ መያዝ አልቻለም። እኔ "አይዞህ" እያልኩ ሙዝ ወሰድኩለት።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ሸክላው አልጋዬ ሥር ተኛ፣ እሱም ማፏጨቱን አላቆመም። ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ስለነበር ድምፅ አውጥቼ አጫውቼው አላውቅም። የግራማፎኑን አፍ በብርድ ልብስ ጠቅጥቄ፣ በሬን ቆልፌ፣ ወንበር አቅፌ ነበር የምጨፍርበት። አሁን ሳስበው ራሴን ያስጠላኛል። ያኔ ግን አላስጠላኝም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ፉጨቱን ስሰማ "ፈልግ እንግዲህ" እላለሁ።

ባቡሩ ቆመ። ነርሷ ሹፌር አግብታ ሄደች። የቅዳሜው ሰው ተዛወረ፣ አረጀ፣ ስልኩ ላይ ያለው ዘፈን በቃው። ልብስ ሰፊውን ስኳር ያዘው። መጀመሪያ የግራ እግሩ ጣቶች ተቆረጡ፣ ቀጥሎ እግሩ ከጉልበት በታች፣ በዓመቱ ደግሞ ቀኙ። ሁለተኛው የተቆረጠ ሰሞን ሆስፒታል ሄጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ንገረው፣ ንገረው አለኝ። አሁን ብነግረው ምን ያደርግለታል ብዬ ዝም አልኩ። ይሄም ሰበብ ነው፤ እውነቱ ገና አልበቃኝም ነበር። ስፌት መኪናውን የሚረግጠው ስለጠፋ ተሸጠ።

በመጨረሻ ያመጣሁለት ተጸጽቼ ነው ብዬ ብጽፍ ማን ያውቅብኝ ነበር? ነገሩ ሌላ ነው። ልጁ ጅቡቲ ልትወስደው መሆኑን ሰማሁ። እሱ ከሄደ የኔ ሸክላዎች ምን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ አይኖርም። ሳይሄድ እንዲያመሰግነኝ ፈለግሁ። ባለውለታው ሆኜ ልሸኘው።

አንድ ጠዋት ግራማፎኑንና ሸክላውን ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ሥር፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ነበር።

"ምን አገኘሁ መሰለህ?" አልኩት ዓይኔን በጨው አጥቤ። "ባለፈው ሳምንት፣ ድሬዳዋ።"

ሸክላውን አወጣሁና ከረጢቱን እንደዋዛ ጭኑ ላይ ጣል አደረግኩት። ጠምዝዤ እሾሁን አሳረፍኩ። ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ቀጥ አለ፣ ወረደ። ከንፈሩ ለማፏጨት ተሰብስቦ ቀረ፣ ድምፅ አልወጣውም። እንባው ጺሙ ውስጥ ገባ። ምስጋናዬን ስጠብቅ ዓይኑ ወደ ጭኑ ወረደ። ያ ተሰብሮ ተጣሞ የዳነው አውራ ጣቱ ሐምራዊውን ሳቲን፣ ስፌቱን፣ ቁልፉን ዳሰሰ። እኔም ያኔ ነው ያየሁት። አሥራ አራት ዓመት ሳወጣው ሳገባው ኖሬ፣ ከረጢቱ መኖሩን እንኳ ረስቼ ነበር።

አልጮኸም። ሸክላው እስኪያልቅ ጠበቀ።

"እንደገና" አለ።

ጠመዘዝኩ።

"አሁን ና፣ ያዘኝ። ከወንበር ጋር መጨፈር ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም?"

የወንበሩን መያዣ ያዝኩ። ገፋሁት፣ ሳብኩት፣ አዞርኩት። "ዘገየህ" ይላል። "ትከሻህን ልቀቅ። ትሮምቦኑን ጠብቅ። አሁን!" ልጁ በር ላይ ቆማ አባቴ ደስ አለው ብላ ፈገግ ብላለች። ላቡ ዓይኔን አቃጠለኝ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ አስደገመኝ፤ አንዲት እርምጃ አላሳለፈልኝም። ሲበቃው እጁን አነሳ።

"ለምደሃል" አለኝ። "ብቻህን ብዙ ተለማምደሃል።"

እሾሁን ከሸክላው ላይ አነሳሁ።

"ደወሌ የሄድን ጊዜ" አለ ከረጢቱን እያጣጠፈ፣ "እግር ነበረኝ።"

ጨርቁን ኪሱ ከተተ። ሸክላውን ከግራማፎኑ ላይ በሁለት እጁ አንስቶ ሰጠኝና "ይሄ ያንተ ነው" አለኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ በሶማልኛ፣ ሻዩ ለአንድ ሰው ብቻ ይሁን አላት። ከዚያ ቤት ሻይ ሳልጠጣ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር።