እህቴና ሁለተኛው ብስኩት

የምትወዱት ሰው እጃችሁን ጨምቆ ይዞ «ልቤ ሊቆም ነው» ብሏችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ታናሽ እህቴ ናት። እሷ አርባ ምንጭ ውስጥ ትማራለች፣ እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖራለን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ሳለ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። እህቴ ግድግዳውን እየተደገፈች ገብታ አልጋው ላይ ተጋደመች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል።

«ቲቸር፣ እየሞትኩ ነው መሰለኝ።»

ቲቸር የምትለኝ ልታሾፍብኝ ስትፈልግ ነው። ያን ቀን ግን ድምጿ ውስጥ ሹፈት አልነበረም።

ነገሩን እየቆራረጠች ነገረችኝ። ጠዋት ከክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረቷ ጋር ጾም ጸሎት ላይ ነበረች። ከዚያ በባዶ ሆዷ ለክፍል ጓደኛዋ ልደት ጫሞ ሐይቅ ዳር ሄደች። ዓሣው እስኪጠበስ አንዷ ልጅ ቤት የተጋገረ ብስኩት አዞረች፤ ሀሺሽ እንዳለበትም አልደበቀችም። እህቴ ክልክል መሆኑን ታውቃለች፤ ቀምሳም አታውቅም። ግማሹን በላች፤ ምንም አልተሰማትም። ዓሣው ሲዘገይ ግን ራባት፤ ቀሪውን ግማሽ በላች፣ ሁለተኛ ብስኩትም ጨመረች።

«ምንም ስላላደረገኝ እኮ ነው!» አለች እጄን ጨምቃ ይዛ እያለቀሰች። «ልቤ ሊቆም ነው። አሁን አእምሮዬ አይመለስም። እማዬ ደግሞ ዛሬ ትመጣለች።»

እናታችን የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ጫኖ የሚባል ገጠር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዝ ይዛ ገበያ ስትመጣ እኛ ጋ ጎራ ትላለች።

አተነፋፈሷን አየሁ፤ ደህና ነው። የምጠይቃትን ትመልሳለች፣ ደረቷንም አያማትም። መተንፈስ ከከበዳት፣ ደረቷን ካመማት ወይም ከእንቅልፍ አልነቃ ካለች ሆስፒታል እንደምንሄድ፣ ለሐኪሙም ምን እንደበላች ሳንደብቅ እንደምንናገር ነገርኳት። ከዚያ የለመድኩትን ጀመርኩ፤ ማስረዳት።

«ሲጨስ በሳንባ አልፎ ቶሎ አንጎል ይደርሳል። ሲበላ ግን መጀመሪያ ሆድ፣ ቀጥሎ አንጀት፣ ከዚያ ጉበት አለ። የሚያሰክረው ቲኤችሲ የሚባለው ነው፤ ጉበት ደግሞ ይበልጥ ወደሚበረታ ነገር ይቀይረዋል። ለመሰማት አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሀሺሹ የሚገኝበት ተክል ውስጥ እንዲህ ያሉ ብዙ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ካናቢኖይድ ይባላሉ። ሲቢዲ የሚባለው ለምሳሌ አያሰክርም። የሚገርመው፣ ሰውነታችንም የራሱን ተመሳሳይ ነገር ይሠራል፤ ለረሃብ፣ ለእንቅልፍ፣ ለስሜት...»

«ፈተና ላይ ይመጣል?» አለችኝ፣ ዓይኗን ጨፍና።

ደስ አለኝ። ልታሾፍብኝ ከቻለች አልራቀችም ማለት ነው።

«እሺ ተይው። ሙዙን ያጥለቀለቅሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ?»

ልጅ ሳለች ነው። የመስኖ ተራችን ደርሶ የቦዩን በር ከፈተች። ውሃው ሙዙ ጋ ቶሎ አልደርስ ሲላት የጎረቤትንም በር ከፈተችው። ሁለቱም ውሃ አንድ ላይ መጣ፤ ችግኙ ሁሉ ሐይቅ ውስጥ የበቀለ መሰለ።

«ሙዙ ሞተ?» አልኳት።

«አልሞተም።»

«ምን ሆነ?»

«ውሃው... ሰረገ።»

«ይኸውልሽ። አሁን በሩ ተዘግቷል፤ ሌላ የሚገባ የለም። ሰዓታት ይወስዳል እንጂ ይሰርጋል።»

እጄን ትንሽ ላላ አደረገችው። ወዲያው የእናታችን ድምፅ ከግቢው ተሰማ። እህቴ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች፤ «እንዳትነግራት» አለችኝ በሹክሹክታ። እናቴ ግን ገና ሙዙን ሳታስቀምጥ፣ «ምን ሆናለች?» ስትል ከነጠላው ሥር መልስ መጣ። ሁሉንም ራሷ ተናገረች፤ ስለ ቦዩም ጭምር።

«በኢየሱስ ስም!» አለች እናቴ። ቆማ ቀረች። የሚመጣውን ቁጣ ስለማውቅ ቀድሜ አፌን ከፈትኩ።

«አንተ ዝም በል። አስረድተህ ጨርሰሃል።» ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጠችና የእህቴን እግር ጭኗ ላይ አደረገች። «ያን ቀን ጭቃው ውስጥ አብሮሽ የቆመው ማን ነበር?»

«አንቺ።»

«ነገ እቆጣሻለሁ። ዛሬ ውሃውን እንጠብቃለን። አሁን የት ደርሷል?»

«አንገቴ ጋ።»

እናቴ እግሯን እያሸች ስለ ገበያው፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ አዲሱ ችግኝ ታወራ ጀመር። በየመሃሉ ትጠይቃለች። «አሁንስ?» «ደረቴ ጋ።» ቆይቶ፣ «ወገቤ ጋ።» እኔ ውሃ በብርጭቆ ከማቀበል በቀር ሥራ አልነበረኝም። ሲመሻሽ እህቴ «ቁርጭምጭሚቴ ጋ» አለችና ሳቀች፤ ሙዝም ጠየቀች።

በማግስቱ ከቸርች መልስ እናቴ ቃሏን ጠበቀች፤ በደንብ ተቆጣቻት። እህቴም አንገቷን ደፍታ ሰማች። ግን ከዚያ ወዲህ የሚያስፈራት ነገር ሲገጥማት ቀድማ የምትደውለው ለእናታችን ነው፤ ከእኔ እንኳ ቀድማ።

እናንተም አንድ የፈራ ሰው በራችሁን ሲያንኳኳ ይህን ሞክሩት። ቁጣውን ለነገ አቆዩትና አጠገቡ ተቀመጡ፤ ውሃው የት እንደደረሰም ጠይቁት።