የላይኛው ቤት ፓምፕ

አባቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ስለ ወንዝ ማውራት ከጀመረ የሚያቆመው አልነበረም፤ የደወሉን ድምፅ እንኳ አይሰማም ይሉ ነበር ተማሪዎቹ። እኔም ቤት ውስጥ ያው ተማሪው ነበርኩ። ምሳ ቀርቦ ሳለ የወጡን ሳህን ያጋድልና «ይኸውልሽ፣ እዚህ የላይኛው ተፋሰስ፣ እዚህ የታችኛው» እያለ ያስረዳኛል፤ እናቴ ወጡ ፈሰሰ ብላ ትጮሃለች። በእሱ የምኮራውን ያህል በማንም አልኮራም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ ከዚያ ኩራት ጋር ስለሚጣላ ነው።

ከሌላ ክፍለ ሀገር ሐረር ተመድቦ መጣ፣ የሐረር ልጅ የሆነችውን እናቴን አገባና በዚያው ቀረ። የተከራየነው ቤት ፈላና በር አጠገብ፣ የአንድ ጠባብ ቁልቁለት አናት ላይ ነበር። ከእኛ ዝቅ ብሎ ያለው ግቢ ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» የሚላቸው የኦሮሞ ባልቴት ግቢ ነው። የሰፈሩ ሙስሊም ሴት ስትሞት ገላዋን የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ሥራ ብለው ግቢያቸው ጥግ ሰማያዊ በርሜል አስቀምጠዋል፤ ከዚያ በርሜል አይጠጣም፣ ልብስም አይታጠብበትም። የጀናዛ ውሃ ነው። ጎድሎ ካዩት እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር።

ከአዴ ጋር የሚያስተሳስረን ሌላም ነገር ነበር። አባቴ የስኳር በሽተኛ ነው፤ ኢንሱሊኑ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ እኛ ደግሞ ፍሪጅ የለንም። አዴ ግን ሴት ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸው ፍሪጅ አላቸው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ቁልቁል ወርጄ የአባቴን መድኃኒት አመጣለሁ፤ ተወግቶ ሲጨርስ መልሼ አስቀምጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ ፊታቸው ሲጠቁር አላየሁም።

እናቴ ለፍሪጅ ብላ ገንዘብ ስታጠራቅም ነበር። ገንዘቡ ፍሪጅ መሆኑ ቀርቶ ፓምፕ ሆነ።

ከተማው የሚጠጣው የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ውሃ በፈረቃ ሆነ፤ ፈረቃው ደርሶም ብዙ ጊዜ ቧንቧው የሚተፋው አየር ነው። ሰው ጀሪካን ደርድሮ መዋል ለመደ። አባቴ በሐይቁ መድረቅ አንጀቱ ያረረ ሰው ነበር። «ዝናቡ ከዳን፣ ደለሉ ሞላው፤ የተረፈውን ደግሞ እያንዳንዱ ሞተሩን ጠምዶ ለጫቱና ለድንቹ መጠጠው። የጎረቤቱን ድርሻ ያሰበ አልነበረም» ይል ነበር። ይህን እያለ በከረመበት ሰሞን አንድ ቀን ከጊደር መጋላ ገበያ በኩል በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ፓምፑ ከደረጃው ሥር ከዋናው መስመር ጋር ተገጠመ። ክልክል መሆኑን እሱም ያውቃል፣ የገጠመው ባለሙያም ያውቃል፤ ስለዚህ በሩ ተዘግቶ ነው የተሠራው። ከዚያ ወዲህ ፈረቃችን ሲደርስ ፓምፑ ያገኘውን ሁሉ እየሳበ ጣራ ላይ ያለውን ሮቶ ይሞላል፤ ወደ ታች የሚወርድ አይተርፍም።

እናቴ ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ፤ ፀጉሬን በፈለግሁ ቀን መታጠብ ጀመርኩ። የአዴ በርሜል መጉደል የጀመረው ያን ጊዜ መሆኑን ለመረዳት ግን ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ሰው ሲሞት አዴ በራችንን ያንኳኳሉ። «መምህር፣ ለጀናዛ ነው።» እዚህ ላይ አባቴ ንፉግ አልነበረም። ራሱ ከሮቶው ጀሪካን ሞልቶ፣ ራሱ ተሸክሞ እስከ ግቢያቸው ያወርድላቸዋል። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጉለታል፤ ዕድሜ፣ ጤና፣ የልጅ ልጅ። የገዛ ውሃቸውን ስለ ሰጣቸው ይመርቁታል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ይላል። በዚያች ሰዓት እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ስለ ዓባይ ግድብ አገሩ ሁሉ በሚያወራበት ዓመት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ተሰበሰበ። ተናጋሪው አባቴ ነው። የሠርጉን ኮት ለብሷል። ዝናቡ እኛ ጋ እየዘነበ በጨለማ መቀመጣችን ይብቃ አለ፤ ተጨበጨበ። ወንዝ የጋራ ነው፣ የአየሩ ጠባይ ተለውጦ ዝናብ በማይታመንበት ዘመን ከላይ ያለው ከታች ያለውን ሳይጎዳ ነው መጠቀም ያለበት፣ እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው አለ፤ የበለጠ ተጨበጨበ። ንግግሩ ልክ ነበር፤ ዛሬም አንድ ቃል አልነቅፍበትም። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ጭብጨባው ግን ሞቅ አደረገው።

«ለታችኛው ማካፈል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም» አለ። «እኔ ራሴ በሰፈሬ የላይኛው ተፋሰስ ነኝ።» ሰው ሳቀ። «የታችኛዋ ጎረቤቴ እዚህ አሉ፤ ይመስክሩ። ውሃ ጠይቀውኝ ከልክዬ አውቃለሁ?»

አዴ ከሴቶቹ መሀል ተነሡ። ሻሻቸውን አስተካክለው «ወላሂ አያውቅም» አሉ። «ጀሪካኑን በገዛ ጫንቃው ተሸክሞ ነው የሚያመጣልኝ። የእኛ ሙታን የታጠቡት በእሱ ውሃ ነው። አላህ ይጨምርለት።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አጠገቤ የተቀመጠች የክፍሌ ልጅ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «ታድለሽ!» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴን አየሁት፤ ፈገግ ብሏል፣ ወደ እኔ በኩል ግን አይመለከትም።

በተከታዩ ቅዳሜ ፈረቃችን ነበር። አባቴ ፓምፑን ካስነሳ ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። ፓምፑ ዝም አለ፣ የእኛ ቧንቧ ትንሽ ተንጠባጥቦ ቆመ። የፓምፑን ማብሪያ ማጥፋት ሁላችንም ረሳን፤ ሮቶው ባዶ ስለነበር እኔ ጀሪካን ይዤ ውሃ ፍለጋ ወጥቼ ሳላገኝ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። አዴ ናቸው፤ ቢጫ ጀሪካን በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ዳገቱን ለብቻቸው ነው የወጡት።

«ዛሬ እኔ ጋ መጣ፣ መምህር!» አሉ። ፊታቸው በርቷል። «በርሜሌ ሞላ፣ አልሐምዱሊላህ። እናንተ ጋ አለመምጣቱን ልጅህ ባዶ ጀሪካን ይዛ ስትወጣ አይቼ አወቅሁ። ሁልጊዜ አንተ ብቻ ስትሰጥ ደግ አይደለም፤ እንካ።»

አባቴ ጀሪካኑን ተቀበላቸው። «አዴ፣ እኔ እኮ…» ብሎ ጀመረ። ሊነግራቸው ነበር። አባቴን አውቀዋለሁ፤ ሊነግራቸው እንደነበር ዛሬም አምናለሁ። ያኔ መብራቱ መጣ። ከደረጃው ሥር ፓምፑ ጉሮሮውን ጠረገና ማጓራት ጀመረ።

አዴ ጆሯቸውን ቀሰሩ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ፍሪጅ ነው» አለ አባቴ።

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ነበር፤ ተመልሳ ገባች። እኔ መግቢያ አጣሁ። ለአንድ አዳራሽ ሕዝብ ስለ ወንዝ ያስረዳ ሰው ከዚህ የተሻለ ውሸት አጥቶ ነው? በዚያች ሰዓት ኢንሱሊኑ የት እንደተቀመጠ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው አይደሉም እንዴ?

አዴ ደረጃውን አዩ፣ የደረጃውን ሥር አዩ፣ ከዚያ አባቴ እጅ ላይ ያለውን ጀሪካን አዩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ኖሮ ይሻለን ነበር።

«እሰይ፣ እንኳን ደስ አላችሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ታዲያ መድኃኒትህን ላምጣልህ፣ ወይስ እኔው ጋ ይቆይ?»

አባቴ ጀሪካኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እርስዎ ጋ ይቆይ» አለ።

«ይቆይ» አሉና ግድግዳውን እየተደገፉ ቁልቁል ወረዱ።

በማግስቱ ጠዋት አልሄድም ብዬ አለቀስኩ፤ መርፌው ግን የግድ ነው። ሄድኩ። መድኃኒቱ በቦታው ነበር። አዴ እንደ ወትሯቸው በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ አባትሽ እንዴት አደረ ብለውም ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ግን ለጀናዛ ውሃ ሊጠይቁ እኛ በር መጥተው አያውቁም። በርሜሉ ሲጎድል የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ሩቅ ሰፈር ድረስ ሄደው ያስቀዱ ነበር።

በሳምንቱ አባቴ ፓምፑን የገጠመውን ባለሙያ አስጠራ። ሊያስነቅለው ነው ብዬ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ በሩን ሮጬ የከፈትኩለት እኔው ነኝ። ፓምፑን ከደረጃው ሥር አወጡት። ከዚያ በጓሮ በኩል ወዳለው ክፍል ወስደው ከሥሩ አሮጌ ፍራሽ አነጠፉለትና እዚያው መልሰው ገጠሙት። አባቴ የውጭው በር ላይ ቆሞ ጆሮውን ጣል አድርጎ አዳመጠ።

«አሁን አይሰማም» አለ።

እውነቱን ነው፣ አይሰማም ነበር። እኔም በነጋታው ጠዋት መድኃኒቱን ላመጣ ወደ ታች ወረድኩ።