ያልተቀመጡት ሽማግሌዎችና የቀኙ ፍሬን

በእስራኤል አገር፣ በቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ መኪና በየዓመቱ ቴስት፣ ማለትም የብቃት ምርመራ፣ በሚገባበት ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ኃላፊው ሞቲ የእጅ ባትሪና አንድ ቡትቶ ጨርቅ ሰጠኝ። ጨርቁ ቅባት መጥረጊያ፣ ባትሪው የሻንሲ ቁጥር ማንበቢያ ነበር። ከዚያ በፊት ጋራዥ ውስጥ ጎማ ስቀይር ስለኖርኩ መኪና የማውቅ መስሎኝ ነበር።

«እዚህ ሰው የሚባል ነገር የለም» አለኝ ሞቲ ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ። «ያለው መኪና ብቻ ነው። ሰውየውን ካየኸው መኪናውን አታየውም።»

ይህን ንግግር እንደ ትልቅ ጥበብ ቆጥሬ ስንት ዓመት ተሸክሜው ዞርኩ። ሞቲ ራሱ ከቢሮው ወጥቶ መኪናም ሰውም ሲያይ አይቼው አላውቅም።

ሥራው እርከን አለው። አዲስ ገቢ የሻንሲውን ቁጥር ከፈቃዱ ወረቀት ጋር ያመሳክራል። ከዚያ ወደ መብራት፣ ቀጥሎ ወደ ጭስ፣ ቀጥሎ ወደ ጉድጓድ ይሻገራል። ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ መኪናውን ከሥሩ የሚነቀንቅ ሰው ትንሽ ይከበራል። ከሁሉም በላይ ፍሬን ነው። ሁለት ጥንድ ሮለር ወለሉ ውስጥ ተቀብሯል። ጎማዎቹ እሱ ላይ ይወጣሉ፣ ሮለሩ ያሽከረክራቸዋል፣ መርማሪው ፍሬን ይረግጣል፣ ሰሌዳው ላይ ያሉት ሁለት መርፌዎች የግራውንና የቀኙን ጉልበት ለየብቻ ያሳያሉ። መርፌዎቹ ከተራራቁ መኪናው ወድቋል። እኔ ፍሬን ላይ ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ስደርስ አፍንጫዬም አብሮኝ ከፍ አለ።

ደንበኞቹን እንቃቸው ነበር ብል አልዋሽም። ግማሾቹን አሁንም እንቃለሁ። ደንቡ እኮ ተራራ አይደለም። የፈቃዱን ክፍያ ከፍሎ፣ መድኅኑን አድሶ፣ መኪናው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ከሆነ ደግሞ ከጋራዥ የፍሬን ማረጋገጫ አጽፎ መምጣት ነው። ይህ ሁሉ በፖስታ ይደርሳቸዋል። ሰዉ ግን ፖስታውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ይወረውርና ቴስቱ የት እንደሆነ፣ ምን እንደሚጠየቅ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጎረቤቱ የወንድሙን ልጅ ይጠይቃል። የወንድሙ ልጅ መኪና የለውም።

ከዚያ መኪናውን አጥቦ፣ ውስጡን ሽቶ ረጭቶ፣ እንደ ሙሽራ አስጊጦ ይመጣል። ጎማውን ስታየው መላጣ ነው። አንድ ጠዋት ለአደጋ ጊዜ መንገድ ላይ የሚቆመውን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ስጠይቅ፣ ሰልፉ ላይ ያሉት አምስት መኪኖች ያንኑ አንዱን ምልክት በመስኮት ሲቀባበሉ ደረስኩባቸው። ጥጉ የተሰበረ ነበርና አወቅሁት። የአምስተኛው መኪና ባለቤት በሬድዮ የሚታወቅ ጠበቃ ነኝ አለኝ። ሬድዮ አልሰማም አልኩት።

ከኢትዮጵያ የመጣው የእኛ ሰው ደግሞ የራሱ አመል አለው። ፍሬኑ መውደቁን ሲሰማ መካኒክ አይፈልግም፤ ዘመድ ይፈልጋል። መርማሪው የማን ልጅ ነው፣ እናቱ ከየት ናት፣ ማን ቢነግረው ይሰማል ብሎ ያጠያይቃል። ጎንደር ሳለን መሬትም ሚስትም የታረቀው በሽማግሌ ስለሆነ፣ ሮለሩም በሽማግሌ የሚታረቅ ይመስለዋል።

ዘውዱ የአክስቴ ልጅ ነው። ስምንት ሰው የምትይዝ አሮጌ ነጭ መኪና ነበረችው። ሌሊት ገና ሳይነጋጋ የሠፈራችንን ሴቶች ጭኖ ፋብሪካ ያደርስባታል፣ ማታ ይመልሳቸዋል። የከተማችን አዲሱ ሠፈር ካርሜ ጋት ገና ክሬንና አቧራ ብቻ በነበረችበት በዚያ ዓመት፣ መኪናዋን ይዞ እኔ ጋ መጣ። ከጋራዥ የተጻፈ የፍሬን ማረጋገጫ ይዟል፤ የጻፈው ሰው መኪናዋን ከወንበሩ ሳይነሳ በመስኮት አይቷት ይሆናል። ሮለር ማረጋገጫ አያነብም። የግራው መርፌ ዘለለ፣ የቀኙ እንደ ሰነፍ ተማሪ ካለበት አልተነሳም።

«ወድቃለች» አልኩት።

«ዓዞብ» አለኝ በዕብራይስጥ፤ ቀጥሎ በስሜ ጠርቶኝ «ተወው፣ ማሩ። አንተ እያለህ ነው እኔ የምወድቀው?»

«መኪናዋ ናት የወደቀችው።»

«ነገ ሴቶቹን በምን ላድርሳቸው?»

የጉድለቱን ወረቀት ከማተሚያው አውጥቼ ሰጠሁትና ቀጣዩን መኪና ጠራሁ። ወረቀቱ በዕብራይስጥ ነው፣ በአጭሩ የተቆራረጡ የሙያ ቃላት ሞልተውበታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ በልቤ ሳቅሁበት።

በሦስተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጥላቸውን ይዘው በደንበኞች መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ቆሙ። መሐል የቆሙት አባ ይርጋ ነበሩ፤ በሠፈራችን የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የሞተ የሚያስቀብሩ ሰው። ሴት ልጃቸው ትርንጎ በዘውዱ መኪና ነበር ፋብሪካ የምትሄደው።

«አባ፣ ይቀመጡ» አልኩ።

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ።

ወጉን አውቀዋለሁ። ለእርቅ ወይም ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተፈጸመለት አይቀመጥም፤ እምቢ ብሎ ማስቆም ለቤቱ ባለቤት ነውር ነው። ግን ይህ ቤቴ አልነበረም። በዙሪያቸው ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ባዶአቸውን ተደርድረዋል፣ በግድግዳው ላይ የወረፋ ቁጥር ይጮኻል፣ እነሱ ቆመዋል። ሞቲ ከቢሮው በር አንገቱን አውጥቶ «ሠርግ አለ እንዴ ዛሬ?» አለ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ፊቴ ነደደ፤ በሞቲ ሳይሆን በሽማግሌዎቹ ተናደድኩ።

«ዘውዱ አንዲት ፊርማ ቀርታኛለች አለን» አሉ አባ ይርጋ። «የጎደለውን ዘመድ ይሞላዋል። ቀኙ ቢደክም ግራው ያግዘዋል። ልጃችን ነህ፣ አታሳፍረን።»

«ደንብ ነው፣ አባ።»

«ምንድን ነው ደንቡ?»

«ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ሰጥቼዋለሁ።»

«እኛ ወረቀት አናነብም፣ ልጄ።»

«ዘውዱ ያስነብብላችሁ» አልኩና ወደ መስመሬ ተመለስኩ። አንድ ሰዓት ያህል ቆመው ቆዩ። አሥራ አንድ መኪና መረመርኩ፤ በመስታወቱ ውስጥ ነጭ ነጠላቸው ይታየኝ ነበር። በመጨረሻ ሳይቀመጡ ወጡ። ያን ቀን ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለዘመድ ያልተንበረከከ መርማሪ! ሞቲም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ዘውዱ ግን ከደጃፉ ያለውን ደላላ አገኘ። ይህ ደላላ እንዴት ያለ ፍጡር እንደሆነ የሙያው ሰዎች ታውቃላችሁ፤ በየጣቢያው በር ላይ አንድ አይጠፋም። «አንተ ቡናህን ጠጣ፣ እኔ አስፈትሼ አመጣልሃለሁ» ይላል። መኪናዋን ወደ ሌላ ከተማ ወሰዳት፣ በማግስቱ አልፋ ተመለሰች። ማን እንዳሳለፋት፣ ሮለር ላይ ይውጣት አይውጣት አላውቅም። ዘውዱ ፈቃዱን መስታወቱ ሥር አጋድሞ በጣቢያችን ፊት ለፊት በዝግታ አለፈ፤ ጥሩምባም ነፋልኝ።

እኔ በሠፈሩ ቀናተኛ ተባልኩ። ለቅሶ ቤት ስገባ ሰው ጠጋ ብሎ ቦታ አይለቅልኝም። አክስቴ ሰላምታዬን ከአንገት በላይ ትቀበላለች። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባል የለ፤ እኔን አመዱም አልተቀበለኝም። እኔም ኮራሁ። የማያነብ ሕዝብ ምን ያውቃል አልኩ።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ጠዋት፣ የበጋው ዘይትና አቧራ አስፋልቱ ላይ ሲንሳፈፍ፣ ዘውዱ በኢንዱስትሪ ቀጠናው መግቢያ ያለው አደባባይ ላይ ፍሬን ያዘ። ግራው ያዘ፣ ቀኙ አልያዘም። መኪናዋ ተጠምዝዛ ዞረችና በጎኗ የአደባባዩን ግንብ መታች። ትርንጎ በዚያ በኩል ተቀምጣ ነበር፤ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሌሎቹ በጭረት ተረፉ። ዘውዱን አንዲት ነገር አልነካችውም፤ እንዲህ ያለውን ሰው መቼም ምንም አይነካውም።

እውነቱን ልናገር፤ ወሬውን ስሰማ መጀመሪያ ልቤ ውስጥ የገባው ኀዘን አልነበረም። «ብዬ ነበር» የሚል ደስታ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት አብሮኝ ዋለ። እዚህ ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጥ የማፍርበት እሱ ነው።

ትርንጎ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ አባ ይርጋ ብቻቸውን ወደ ጣቢያው መጡ። እዚያው የቆሙበት ቦታ ላይ ቆሙ። እጄን ጠርጌ ሄድኩ።

«ትርንጎ እንዴት ናት፣ አባ?»

«በምርኩዝ ትሄዳለች። ፋብሪካው ሥራው እንዳይቆምበት በእሷ ቦታ ሌላ ሰው አስገብቷል።»

«ዘውዱን እኔ...»

«ዘውዱን ተወው፤ እሱን እኛ ይዘነዋል። እኔ አንተን ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። ያን ቀን ታውቅ ነበር?»

«ምኑን?»

«መኪናዋ እንዲህ እንደምትዞር።»

«አውቅ ነበር። ለዚህ ነው የጣልኳት። ደንብ ነው አልኩዎት እኮ።»

«ደንብ ደንብ አልከኝ። ደንብ ለእኔ ምኔ ነው? የመንግሥት ፊርማ ብቻ መስሎኝ ነው የለመንኩህ። ሽማግሌ የሚቆም እሺ እስኪባል ብቻ መሰለህ? ነገሩ እስኪነገረውም ነው የሚቆም። ‹ዝናብ ሲጥል ይህች መኪና ትዞራለች፣ ልጅዎ ውስጧ ናት› ብትለኝ፣ ቁልፉን ከዘውዱ እጅ የምቀበል እኔው ነበርኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜልህ ነበር፣ ማሩ።»

ትርንጎ በማን መኪና እንደምትሄድ ያን ቀን አውቅ ነበር። መኪናዋን አየሁ፣ ሰውየውን አላየሁም፤ ልክ ከሞቲ እንደተማርኩት።

«እስቲ አሁን አሳየኝ» አሉ።

ሰልፉን አስቆሜ የራሴን መኪና ሮለሩ ላይ አወጣሁ። አባ ይርጋ ጥላቸውን ተደግፈው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ፍሬን ስረግጥ ሁለቱ መርፌዎች አብረው ተነሱ። «እነዚህ እኩል መነሳት አለባቸው፤ ይሄ ቀኙ ነው፤ የዘውዱ ቀኝ እዚህ ነበር የቀረው» ብዬ በጣቴ አሳየኋቸው። «አንዱ ይዞ አንዱ ካልያዘ መኪናው ወደያዘው ይዞራል።»

«እንደ በሬ» አሉ። «አንዱ ሲለግም ቀንበሩ ይዞራል።»

«እንደ በሬ፣ አባ።»

«በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ሁለት ደቂቃ አይሞላም።»

«አይሞላም» አልኩ።

ተመልሰው ወደ መጠበቂያው ክፍል ሄዱና ከሰማያዊዎቹ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጡ። ውኃ አመጣሁላቸው። ጠጡና ብርጭቆውን መለሱልኝ፤ ይቅር ብያለሁም አልበደልክምም አላሉኝም።

ከዚያ በኋላ መኪናው የወደቀበትን ሰው ሁሉ ሰሌዳው ፊት ማቆም ጀመርኩ። ያነበበውንም ያላነበበውንም፣ ሬድዮ ላይ የሚወጣውንም። ሞቲ ሰልፉን አዘገየህብኝ ብሎ ሁለት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ደብዳቤዎቹን ሳላነብ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳቸው። ዘውዱ መኪናዋን ለቁርጥራጭ ብረት ሰጣት፤ አሁን አውቶቡስ ይጠብቃል፣ ሰላም እንባባላለን። ትርንጎ ግን ያለ ምርኩዝ ሩቅ መሄድ አትችልም።

ሞኝና ወረቀት ብዬ የሳቅሁበት ጊዜ ወረቀቱን የሙጥኝ ያልኩት ሞኝ እኔ ነበርኩ። ሙያውን ለምትረከቡት የምለው ይህን ነው፤ የማያልፍ መኪና አታሳልፉ። ስትጥሉት ግን ለምን እንደጣላችሁት ለሰውየው በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። ሁለት ደቂቃ አይሞላም።