በሙሽራው ራስ ላይ የቆመው አባ ኮዳ

ባለፈው ማክሰኞ አዋሳ ፒያሳ ባለችው ቢሮዬ አብራኝ የምትሠራው ልጅ የማተሚያ ማሽኑ ላይ የደረቀ ቀለም ልታስለቅቅ ብላ ከየት እንዳገኘችው የማላውቀውን የአኳራጅ ጠርሙስ ስትከፍት፣ እኔ ኮምፒዩተሩ ላይ የአንድ ጥርስ ሐኪም ባነር እያስተካከልኩ ነበር። ሽታው ጠረጴዛዬ ጋ ሲደርስ እጄ ቆመ። ልጅቷ ያስቸገረኝ መስሏት መስኮቱን ልትከፍት ተነሣች፤ ተይው አልኳት። ቀለም የሚያቀጥነው፣ ብሩሽ የሚያጥበው፣ ጥፍር ሥር ተደብቆ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሚከተለው ያ ሽታ፣ የጥርስ ሐኪሙን ባነር እንዳለ አስጥሎ አሥራ ስምንት ዓመት ወደሞላኝ ዓመት ወሰደኝ።

የጋሽ ማቲዎስ ሥዕል ቤት ከዚሁ ከፒያሳ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። በሩ ላይ የራሱ ታፔላ አልነበረውም፤ የሰው ሲጽፉ የራሳቸውን ለመጻፍ ጊዜ እንዳጡ ነበር የሚናገሩት። ገና ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ በር ላይ ቆሜ፣ ላሜራው መጀመሪያ ነጭ ሲቀባ፣ ከዚያ በእርሳስና በክር ሲሰመር፣ ከዚያ አንድ ትልቅ መቀስ ወይም አንድ ፀጉሩን ያበጠረ ጎረምሳ ከመሃሉ ብቅ ሲል ማየት ነበር የምወደው። ጋሽ ማቲዎስ የአለታ ወንዶ ሰው ናቸው። ሲቀቡ በሲዳምኛ መዝሙር ያንጎራጉራሉ፤ ፊደሉ ሲከብዳቸው መዝሙሩ ይዘገያል፣ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ሲደርሱ ይፈጥናል፤ ስለዚህ በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ ሥራው የት እንደደረሰ ማወቅ ይችል ነበር። አንድ ቀን ዘወር ሳይሉ ብሩሽ ወደ ኋላ ዘረጉልኝ። እንዲህ ነው የተቀጠርኩት ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ በደንብ የገባሁት ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ ሳይበቃ የቀረ ጊዜ ነው።

አባቴ ይህን ሲሰማ ምሳውን አልጨረሰም። ከደብረ ብርሃን በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ የመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ከደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ የማይለየው፣ የቤታችንን የመብራት ደረሰኝ ሳይቀር በዓመተ ምሕረት አስሮ የሚያስቀምጥ ሰው። ለእሱ ሥራ ማለት ወንበር ያለው ነገር ነው። ወንበር፣ ከተቻለም ቁልፍ ያለው መሳቢያ። ሴት ልጁ መሰላል ላይ ወጥታ፣ ከታች ሥራ ፈት ተሰብስቦ ወደ ላይ እያየ፣ የሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ በሬ ስትስል ማሰብ ያንገበግበው ነበር። አንድ የሚያውቀው ሰው መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ አፈላልጎ ቦታ አስይዞልኝ ስለነበር፣ እናቴ በመሃል ገብታ ስትለማመጠው፣

"እስከ ፋሲካ ልይሽ፤ እስከዚያ እዩልኝ የምትይው አንድ ነገር ካልሠራሽ ግን ወንበሩ ላይ ትቀመጫለሽ" አለኝ።

ስለዚህ ያን ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው ለእኔ ከሌላው ሰው በበለጠ ነው። ቀኑ ይሮጣል፣ እኔ ደግሞ አሁንም የሰው መስመር እሞላለሁ። ደንበኛ ይመጣል፣ እጄ በቀለም ተለውሶ እያየ "ሠራተኛው የት ሄደ?" ይለኛል። ጋሽ ማቲዎስ ከውስጥ ሆነው "አሁን ያናገርካት ናት" ይሉታል። ሰውየው ያፍርና ፊደሉ ተለቅ እንዲል ይጠይቃል፤ የእኛ ሥራ ደንበኛ ሲያፍርም ሲደሰትም ፊደል እንዲተልቅለት ነው የሚጠይቀው።

ዕድሌ የመጣው በሳሙኤል በኩል ነው። ሳሙኤል መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ቤት የነበረው፣ ቀጭን፣ ጭንቀታም፣ ካሜራውን ከሚስቱ በላይ የሚንከባከበው እየተባለ የሚታማ ሰው ነበር። ደንበኞቹን የሚያቆምበት ሸራ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራና ማን እንደሚወጣው የማይታወቅ የእብነ በረድ ደረጃ ተሥሎበት ነበር። የአዋሳ ሰው ሐይቁን አሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ትቶ፣ በረዶ ፊት ቆሞ በላብ እየተጠመቀ ሲነሣ ኖሯል። ሳሙኤል ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ከመግባቱ በፊት ሸራውን መለወጥ ፈለገ። ሐይቁን ሣሉልኝ አለ። እውነተኛው እያለ ለምን ይሣላል ብዬ ስጠይቀው፣ ሐይቁ ዳር ነፋሱ የሙሽራዋን ቬሎ ወስዶ ሚዜዎቹ ፊት ላይ እንደሚጥለው በብዙ ምሬት አስረዳኝ። በዚያው ሳምንት የጋሽ ማቲዎስ እናት ታመው ወደ አገር ቤት መጠራታቸው ነውና፣ ሸራውን ለእኔ ትተውልኝ፣ "ሰናይት፣ ይኼ ያንቺ ነው" ብለው ሄዱ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል እየሄድኩ ተቀመጥኩ። ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ መረቡ ሲራገፍ፣ ዓሣው በስለት ሲገፈፍ፣ ውሃው ከግራጫ ወደ ሰማያዊ ሲዞር አየሁ፤ ማዶ ያሉትን ተራሮች በእርሳስ ያዝኩ። ከሁሉ በላይ ግን ልቤን የወሰደው አባ ኮዳ ነበር። ያን ግዙፍ ራሰ በራ ወፍ አዋሳን ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንገቱ ላይ ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ጥቁር ካፖርት እንደደረበ ጡረተኛ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ መስሎ የዓሣ አንጀት ይጠብቃል። መልኩ አያምርም፤ እኔ ግን እያንዳንዱን ላባ ወደድኩት። ዓሣ የሚገፍፍ አንድ ሽማግሌ ደብተሬን ከትከሻዬ በላይ እያየ ሁልጊዜ ያርመኝ ነበር፤ "አፍንጫውን አሳጠርሽበት፣ በዚህ ምኑን ይበላል?" ይለኛል። አስረዘምኩት።

ሥዕል ቤት የተማርኩት ዋናው ነገር ከመሃል፣ በትልቁ እንዲቀመጥ ነው። የልብስ ሰፊ ታፔላ መሃል ኮት አለ፣ የፀጉር ቤቱ መሃል ራስ አለ፣ የሥጋ ቤቱ መሃል በሬው አለ። እኔም ወፌን የሸራው መሃል ላይ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ አቆምኩት። ስጨርስ ሳሙኤል ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ለረጅም ጊዜ አየውና ሊተነፍስ ነው ያለው አለኝ። ያን ቀን በኩራት ከመናኸሪያ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ።

ጾሙ ገና አልወጣም ነበርና የኦርቶዶክስ ሙሽራ የለም፤ ፕሮቴስታንቶቹ ግን ይጋባሉ። ሸራውን የመረቁት የወይዘሮ አስቴር ወንድ ልጅና ሙሽሪቱ ናቸው። ወይዘሮ አስቴር ገበያ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ በደጃቸው ያላለፈ ሰው የሌለ የተከበሩ ሴት ነበሩ። ሙሽሮቹ ተነሡ፣ ፊልሙ ታጠበ፣ ፎቶው ታተመ፣ ወይዘሮ አስቴርም ሊያዩ መጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ምስጋናዬን ልሰማ ነዋ። ፎቶው ላይ አባ ኮዳው የሙሽራው ራስ ላይ ሁለት እግሩን ተክሎ ቆሟል፤ ያ ያስረዘምኩት አፉ ደግሞ ወደ ሙሽራይቱ ቬሎ አዘንብሏል። አሥራ ሁለት ፎቶ፣ በአሥራ ሁለቱም ላይ ሊወጋት ነው። ወይዘሮ አስቴር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

"ልጄን ስድር የዓሣ አንጀት የሚለቅመውን ጠርታችሁ ከራሱ ላይ ታቆሙብኛላችሁ?" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። ድምፃቸውን ቢያነሡ ይሻለኝ ነበር። ሳሙኤል እኔ ሳነሣ ፊት ፊቱን ነው የማየው እያለ ይምልላቸዋል፤ እኔ የምገባበት ጠፍቶኛል።

አዋሳ ያኔ ትንሽ ከተማ ናት። በማግስቱ ወሬው አባቴ መሥሪያ ቤት ደርሶ፣ አንድ ባልደረባው ሰናይት ለአንተም አንድ ወፍ ትሣልልህ ብሎ ቀልዶበት ዋለ። አባቴ ማታ እራት ላይ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ ቀና ብሎ አየ። ለሆሳዕና አምስት ቀን ነበር የቀረው። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ጋሽ ማቲዎስ ከአገር ቤት የተመለሱት በማግስቱ ነው። ከአውቶቡስ ወርደው፣ ዕቃቸውን ሳያስቀምጡ ፎቶ ቤቱ ገቡና ሸራው ፊት ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ቁጣቸውን ስጠብቅ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቁ ነበር። ስቀው ሲያበቁ፣

"ወፉ ጥሩ ወፍ ነው። ምንም አላጠፋም" አሉኝ። "ታፔላ ብቻውን ነው የሚቆመው፤ ይኼ ግን ሰው ይመጣበታል። መሃሉ የሰዎቹ ነው፤ አንቺ ዳር ዳሩን ነው የምትሠሪው።"

ከዚያ ወደ ሳሙኤል ዞረው ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን፣ ይህን ሳይነግሩኝ መሄዳቸውን ተናገሩ። ይህ እውነት አልነበረም ማለት አልችልም፤ ግን ሥዕል ቤት ያለ ሰው ሁሉ ስህተቱን ወደ ታች በሚያወርድበት ሙያ፣ ወደ ራሱ የወሰደ አለቃ ያየሁት ያን ቀን ነው። ዛሬ ቢሮዬ ውስጥ የምትሠራው ልጅ ስታጠፋ ደንበኛው ፊት እኔ ነኝ የምለው ለዚህ ነው፤ ከእሳቸው በልምድ የወረስኩት እንጂ ተፈጥሮዬስ ቁጡ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አስቴር ቤት ወሰዱኝ። እሳቸው በሲዳምኛ፣ ጋሽ ማቲዎስ በሲዳምኛ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ። ምን እንደተባባሉ ግማሹን አልሰማሁም፤ በመጨረሻ ወይዘሮ አስቴር ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ "ልጆቼ ልብሱን መልሰው ይለብሳሉ፤ ያ ፍጥረት ግን ይውጣልኝ" አሉ። እጃቸውን ሳምኩና ወጣሁ።

ወፉን ማጥፋት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከእግሩ ጀምሬ በውሃ ሸፈንኩት፤ ድንጋዩን ወደ ጭጋግ ለወጥኩት፤ ራሱ ላይ ስደርስ አለቀስኩ፣ ሳሙኤልም አብሮኝ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። በመሃሉ ምንም የሌለበት፣ ጠዋት ጠዋት አሞራ ገደል የማየው ጸጥ ያለ ውሃ ብቻ ቀረ። ጋሽ ማቲዎስ አንዴ መጥተው አዩና መሰላሉን ያዙልኝ እንጂ ብሩሽ አልነኩም። ሙሽሮቹ ልብሳቸውን ለብሰው ሁለተኛ መጡ፤ ውሃው ፊት ሲቆሙ እንደዚያ አምሮባቸው አያውቅም፤ ወይዘሮ አስቴርም አንዱ ላይ ራሳቸው ገብተው ተነሡ። ሲወጡ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገውኝ ሄዱ። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን የወንበሩ ነገር ሳይለይለት ፋሲካ ደረሰ።

የፋሲካ ማግስት ሰኞ አባቴ ለሥራ የሚለብሰውን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለበሰ፣ እናቴንና ሁለት ወንድሞቼን ልበሱ አላቸው፣ እኔንም ተከተይ አለኝ። ወደዚያ መሥሪያ ቤት ሊወስደኝ መስሎኝ፣ በበዓል ቀን ማን ይከፍትለታል እያልኩ ተከተልኩ። ሳሙኤል ፎቶ ቤት ገባ። ቤተሰቡ በሙሉ ተነሣን፤ እናቴ ተቀምጣ፣ እኛ ቆመን። ያ ሲያልቅ አባቴ ብቻዬን አንድ አንሣኝ አለው። ሳሙኤል መሃል ላይ አቆመው። አባቴ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ሄደ። ሳሙኤል ትከሻውን ይዞ ወደ መሃል መለሰው፣ መብራቱን አስተካክሎ ካሜራው ጋ ሲደርስ አባቴ ተመልሶ ዳር ላይ ነው።

"ጋሼ፣ መሃል ይሁኑልኝ፤ እዚያ ከቆሙ ይቆረጣሉ" አለው ሳሙኤል።

አባቴ ፋይል የጠፋበት ሰው በሚያናግርበት ደረቅ ድምፅ፣ "መሃል ከቆምኩ ውሃውን እጋርደዋለሁ፤ እንደቆምኩ አንሣ" አለው። ሳሙኤል አነሣው። አባቴ ወደ እኔ ሳያይ ከወጣ በኋላ የወንበሩ ነገር በቤታችን ሁለተኛ አልተነሣም።

ጋሽ ማቲዎስ አሁን የሉም። ሥዕል ቤታቸው ሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ሳሙኤል ወደ ልጆቹ ዘንድ ሄዷል፤ ሸራው የት እንደገባ የሚያውቅ አላገኘሁም፣ ምናልባትም የአንዱ ጎተራ ክዳን ሆኖ ዝናብ ጨርሶታል። ሰው ዛሬ በስልኩ ይነሣና ከኋላው ያለውን በጣቱ ይለውጠዋል። እኔ በቀን የማትመውን ባነር ጋሽ ማቲዎስ በወር አይጨርሱትም ነበር፤ ደንበኛም አሁንም ሁሉም ነገር መሃል ላይ፣ ሁሉም ነገር ተለቅ ብሎ እንዲወጣለት ይፈልጋል። በሥራዬ እንጀራዬን በልቻለሁ፣ ልጆቼን አስተምሬበታለሁ፣ አመሰግናለሁ። አንድም ሰው ግን ባነሬን ላለመጋረድ ዞር ብሎ አያውቅም።

አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ፎቶው ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሰፊ ውሃ፣ በቀኝ ዳር ደግሞ አንድ ትከሻው የተቆረጠ፣ ሁለት እስክሪብቶ ደረቱ ላይ የሰካ ሰው። ደንበኞች ሲጠብቁ ያዩትና አንሺው አበላሽቶታል ይሉኛል። አላበላሸም፣ አባቴ ነው፣ ሥራዬን ለእናንተ እያሳየ ነው እላቸዋለሁ።