ለአንድ ሰው የሚሆን ምሳ

ጋሼ ምሳ ብቻቸውን አይበሉም ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ዘመድ ተመካክሮ አሜሪካ፣ ኦክላንድ፣ እኔ ዘንድ ላካቸው። እኔ በጠዋት ወጥቼ ሳን ሆዜ ድረስ እነዳለሁ፤ ቢሮ ውዬ የምመለሰው ሲመሽ ነው። ምሳቸውን ከድኜላቸው እሄዳለሁ፤ ስመለስ እንደከደንኩት አገኘዋለሁ። "ምነው ጋሼ?" ስላቸው "አንቺን ስጠብቅ" ይሉኛል። በእኩለ ቀን የት እንዳለሁ እያወቁ ነው እንግዲህ። በዚህ ነገራቸው አንዳንድ ቀን ድስቱን ከነክዳኑ ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር።

በሦስተኛው ወር ሱሪያቸውን ቀበቶ ብቻ ይዞት ቀረ። ሐኪሙ መዘናቸውና እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ክብደት ካልጨመሩ ቀን ቀን የሚያበላቸው ሰው ያለበት ቦታ መግባት አለባቸው አለኝ። ነርሲንግ ሆም ማለቱ ነው። ሁለት ወር ሰጠን። "ጋሼን ነርሲንግ ሆም አስገባኋቸው" ብዬ ለእናቴ ስደውል ታየኝ፤ ያንን ስልክ ከማንሳት ሞት ይሻለኛል አልኩ።

ቤንቶ የሚባለውን የሣጥን ምሳ ትምህርት የጠቆመችኝ እዚያው ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። ጃፓኖች ምሳቸውን በሣጥን አሳምረው ስለሚደረድሩት ያልራበው ሰው እንኳ ከፍቶ ይበላዋል አለችኝ። ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የሰፈር አዳራሽ ወጥ ቤት፣ ለስድስት ሳምንት። እኔ ልማር ሄድኩ፤ ጋሼ ደግሞ ቅዳሜንም ብቻቸውን ላለመዋል ተከተሉኝ።

የመጡት ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ነው። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት አሜሪካ ተልከው ነበርና ክፍል ውስጥ በሌላ አለባበስ መግባት አይሆንላቸውም። አስተማሪዋ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁመታቸው ትከሻዬ ላይ የማይደርስ ጃፓናዊት ነበሩ። ለሁላችንም አበባ ያለበት ሽርጥ አደሉን። ጋሼ ሽርጡን በሰደርያቸው ላይ አሰሩና ብድግ ብለው፣ በዚያ በድሮ እንግሊዝኛቸው፣ ስለተደረገልን አቀባበል የምስጋና ንግግር ማድረግ ጀመሩ። አስተማሪዋ ሽማግሌ ማቋረጥ ነውር ሆኖባቸው እጃቸውን አጣምረው አዳመጡ። ንግግሩ ሲያልቅ ምድጃ ላይ የነበረው ሩዝ አሮ ነበር።

እንደገና ተቀቀለ። ሩዙ የሣጥኑን ግማሽ ይይዛል፤ በቀረው ቦታ ዓሣው፣ የተጠቀለለው የዕንቁላል ጥብስና አትክልቱ ይገጠገጣሉ። በመንገድ እንዳይናወጥ በመካከላቸው ክፍተት መኖር የለበትም። ጋሼ የአስተማሪዋን ሣጥን ጎንበስ ብለው አዩት።

"ይህ ለስንት ሰው ነው?"

"ለአንድ" አሉ አስተማሪዋ።

"ሌላውስ?"

"ሌላው የራሱን ይዞ ይመጣል።"

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ተጣልተው ነው?" አሉኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጉድ ፈላ። ሁላችንም ጨርሰን ሣጥኖቻችንን ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ነበር። ጋሼ አንዷን ቀጭን የመብያ እንጨት ያዙና ከዳር ጀምረው የእያንዳንዱን ሰው ሩዝ መሀል ለመሀል ይወጉ ጀመር። አንድ ግዙፍ የኮምፒውተር ሠራተኛ ሩዙ መሀል የሚያስቀምጠውን ካሮት በአበባ ቅርፅ ሲቀርጽ ሰዓት ሙሉ አሳልፎ ነበር፤ አበባው ሲሰነጠቅ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አስተማሪዋ ሮጠው መጥተው ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቋቸው።

"እየፈተሽኩ ነው" አሉ ጋሼ፣ ረጋ ብለው።

ከዚያም አስረዱ። ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ሰባት ዓመት ታስረዋል። ባለቤታቸው በየቀኑ ምሳ ዕቃ ተሸክመው እስር ቤት ይመላለሱ ነበር። ጠባቂው ደብዳቤ ተደብቆበት እንደሆነ ለማየት ምግቡን በሽቦ ይወጋዋል። "ሳይወጋ የሚቀርብ የሣጥን ምሳ አላውቅም" አሉ። ምሳውንም አንድም ቀን ብቻቸውን አልበሉትም፤ የማንም ምሳ ይምጣ፣ ስምንት እስረኞች ከበውት ይቀመጡ ነበር።

አንዲት ሴት ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች። አስተማሪዋ ግን ሥራ ወዳድ ሰው ናቸው፤ ትንሽ አሰቡና፣ "ዕንቁላሉ ሲጠበስ አየር ይቋጥራል። እሱን ይውጉልን። ያለቀለትን ሣጥን ግን አይንኩ" አሏቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ የክፍሉ ዕንቁላል ወጊ ሆኑ። በየምድጃው እየዞሩ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ የተነፋውን ሁሉ እየወጉ ያልፋሉ። በአራተኛው ሳምንት የእሳቸው ጥቅል ከአስተማሪዋ ጥቅል አይለይም ነበር። የእኔ የካሮት አበባ ግን መንጋጋ ጥርስ ነበር የሚመስለው፤ አስተማሪዋ እንዲህ እንዳይሆን እያሉ ለክፍሉ ያሳዩት ነበር።

ቤት ውስጥ ነገሩ ሠመረ። በየጠዋቱ ቤንቶ አዘጋጅቼ፣ "ይህ ለአንድ ሰው ነው፣ ለእርስዎ" ብያቸው እሄዳለሁ፤ ማታ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ፣ ታጥቦ፣ ተደፍቶ አገኘዋለሁ። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ለነርሷም ደውዬ መረቅኋት። ይሁን እንጂ በቤታችን ሚዛን ጋሼ ጭራሽ አንድ ኪሎ ቀንሰው ተገኙ። ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ገዛሁ። አዲሱም ያንኑ አለ።

በአንድ ቅዳሜ፣ ከትምህርት ተመልሰን፣ በሩ ተንኳኳና ከፈትኩ። ፖስተኛው ነበር። ደብዳቤዬን ሰጠኝ፤ ግን አልሄደም፤ በትከሻዬ በላይ ወደ ውስጥ ያማትራል። በመጨረሻ፣ በጣም እያፈረ፣ "ዛሬ ዕንቁላሉ የለም?" አለኝ። የሸሚዙ ቁልፎች ሆዱ ላይ ተወጥረው ነበር። ጋሼ ይቀንሱት የነበረውን ኪሎ ማን ይጨምረው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

በሩን ዘግቼ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ ጋሼ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ዶክተሩ ሲሪየስ ነው! አፖይንትመንቱ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ነርሲንግ ሆም ያስገባዎታል እኮ!"

"ሰውዬው በምሳ ሰዓት ነው የሚመጣው" አሉኝ። "ሰው ደጄ ቆሞ እኔ ልብላ?"

"እሺ፣ ግማሹን ለምን አይበሉም?"

"ለአንድ ሰው ነው ያልሽው አንቺ ነሽ።"

ሰኞ ሁለት ሣጥን ሠራሁ። ፖስተኛው እረፍቱን ከእኛ ደረጃ ላይ አደረገው፤ ቦርሳውን ከጎኑ አስቀምጦ ከጋሼ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ሁለቱም ሣጥኖቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ከፍተው ይበላሉ። ጋሼ መጀመሪያ የእሱን ዕንቁላል ወግተው ያያሉ፤ እሱም ለምን ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

በቀጠሮው ቀን ሦስት ኪሎ ጨምረው ተገኙ። ሐኪሙ ምን ቢወስዱ እንዲህ እንደሆኑ ጠየቃቸው። "ፖስተኛ" አሉት። ወደ እኔ አየ፤ ራሴን ነቀነቅኩለት። ነርሲንግ ሆም የሚባል ነገር ቀረ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ደስ ብሎኝ ዝም ብዬ አወራለሁ። ጋሼ አቋረጡኝ።

"አንቺ ምሳሽን ከማን ጋር ነው የምትበዪው?"

"እዚሁ ነው ጋሼ፣ መኪናዬ ውስጥ። ብሬኩ ሠላሳ ደቂቃ ነው።"

"ማን አለ?"

"ማንም። ሬዲዮ እከፍታለሁ።"

ከዚያ ቤት እስክንደርስ በመስኮቱ ሲያዩ ነበር። እኔን ግን ድንገት ንዴት ያዘኝ፣ ከንዴቱ ቀጥሎ ደግሞ ልቅሶ መጣብኝ፤ መሪውን አጥብቄ ይዤ አሳለፍኩት።

በማግስቱ ስነሳ ጋሼ ቀድመውኝ ተነስተው፣ ሽርጣቸውን አስረው፣ አራት ሣጥን አዘጋጅተዋል። ሁለቱን ለእኔ አንድ ላይ አሰሩልኝ። ሳን ሆዜ ቢሮዬ ስደርስ ጠዋቱን ሙሉ እግሬ ሥር አስቀምጫቸው ቆየሁ። ምሳ ሰዓት ሲሆን ይዣቸው ተነሳሁና፣ እንደ ልማዴ ወደ መኪናዬ ሁለት እርምጃ ሄጄ፣ ተመለስኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። አራት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። ልጠራት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ግን ስሟን ለማወቅ ጠረጴዛዋ ላይ የተለጠፈውን ማንበብ ነበረብኝ።