ካሳ ሳትጠይቅ ዓመት የደፈነችው ታክሲ

ይቺን አንብባችሁ ስትጨርሱ ጊዜያችንን በላኸው አትሉኝም። ጎረቤቴ አብዲ የኢንሹራንሱ ክፍያ መሮት ታክሲውን ሊሸጥ ነበር። እኔ ደግሞ አንብቤ የደረስኩበትን አስረዳሁት፦ ዓመቱን ሙሉ ካሳ ያልጠየቀ ሰው ውሉን ሲያድስ ቅናሽ ያገኛል። ዓመቱ የሚሞላው ያን ዕለት ስለነበር ከሰፈራችን ከሳቢያን ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ አብረን ወጣን።

"ቀስ በል" እላለሁ በየመታጠፊያው።

"ዋሪያ፣ ጋሪ እኮ ቀደመን" ይላል አብዲ።

ቀፊራ ስንደርስ አንድ ባጃጅ ከኋላ ገጨን። የኋላ መብራታችን ረገፈ፤ የባጃጁ ተሳፋሪም ግንባሩን ይዞ ወረደ። ማንም ሳይናገር ማብራራት ጀመርኩ።

"ካሳ ከጠየቅን ቅናሹ ቀረ። መብራቱን ራሳችን እንገዛለን። አንተም ወንድሜ፣ ነገሩ የኢንሹራንስ ሰዎች ጆሮ እንዳይደርስ።"

ተሳፋሪው ሰምቶኝ ሲያበቃ በእግሩ ሄደ።

ቢሮው ገብተን ተራችን ሲደርስ፣ ከሠራተኛው ጠረጴዛ ጀርባ ያ ተሳፋሪ የቀዘቀዘ የውሃ ጠርሙስ ግንባሩ ላይ ይዞ ተቀምጧል። አብዲ በክርኑ ጎሸመኝ።

"ዓመቱን ሙሉ ካሳ አልጠየቃችሁም?" አለ ሰውየው።

"አልጠየቅንም" አልኩ።

ሰውየው ግንባሩን ዳሰሰ። "ባለባጃጁን 'ሥራ ረፈደብኝ፣ ንዳው' ያልኩት እኔ ነኝ" አለና ቅናሹን ፈረመልን።

እናንተም ሂዱና ቅናሹን ጠይቁ፤ ብቻ መንገድ ላይ ለማን እንደምታብራሩ እዩ።