የሲስተር ጫልቱ ትንንሽ ማዕዶች

ሲስተር ጫልቱ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አርፈዋል። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰርዣታለሁ፤ አሁንም እጄ እሺ አይልም። ሰኞ አመሻሽ ላይ በስልክ ስለ ሽሮ ቀለም ስንከራከር ነበር። «ሽሮሽ ጭቃ መስሏል፤ ነገ መጥተሽ እንደገና ትሠሪዋለሽ» ብለውኝ ዘጉት። በማግስቱ ማለዳ ልጃቸው ሊዲያ ደወለች። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ «ትንሽ አሟቸዋልና ነይ» ነው የሚባለው። ሊዲያ ግን አልቻለችም። «ሄለን፣ እማዬ ሞተችብኝ!» ብላ ጮኸች። ቁርሳቸውን በልተው፣ መነጽራቸውን ሊያነሡ እጃቸውን ሲዘረጉ ነው አሉ፤ ሕመም የለ፣ ማቃሰት የለ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን ስሮጥ ሳስበው የነበረው ስለ ሽሮው ምን ብዬ እንደማመካኝ ነው። ነገሩ ጨርሶ አልገባኝም ነበር።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። ግማሾቻችሁ የምታውቋቸው በነጭ ጋውን፣ በሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። ሌሎቻችን፣ በተለይ እኛ ተማሪዎቻቸው፣ የምናውቃቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ሳሎናቸው ጥግ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው ከፖሊመር ክሌይ ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጥ እንጀራ ሲሠሩ ነው። ክሌይ ስንል እንደ ሊጥ የሚለሰልስ፣ በትንሿ ፎርኖ ሲጋገር ግን የሚጠነክር ባለቀለም ነገር ነው። እሳቸው ከእሱ ጉትቻ፣ የአንገት ሐብል፣ የቁልፍ መያዣ ይሠሩ ነበር፤ ሁሉም ምግብ ነው። የእንጀራውን ዓይን በመርፌ አንድ በአንድ ይወጉታል። ዳቦውን በጥርስ ብሩሽ ያሻክሩታል። ቃሪያ ለመሰንጠቅ ምላጭ፣ ለማንሣት ወረንጦ። አንድ ሳህን ክትፎ ሁለት ቀን ሲፈጅባቸው አይቻለሁ።

ቁጡ ነበሩ፤ ይህን መደበቅ እሳቸውን መካድ ነው። ያልጣማቸውን ሥራ እያየነው ጨፍልቀው ወደ ኳስ ይመልሱታል። መብራት ሄዶ ሥራችን ፎርኖ ውስጥ በጥሬው ሲቀር መብራት ኃይልን ሳይሆን እኛን ነበር የሚቆጡት። ከሁሉ የሚብሳቸው ግን የአንጮቴያቸው ነገር ነበር። የወለጋ ልጅ ናቸውና በትንሽዬ የሸክላ ሳህን አንጮቴ የሚባለውን የአገራቸውን ሥራሥር ሠርተው፣ ቂቤ የሚመስል ነገር አፍስሰውበት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወዳለ ባዛር ይወስዱታል። ሰው ሁሉ «ውይ ድንቹ ሲያምር!» ይላል። «ድንች ከፈለግሽ ገበያ ሞልቶልሻል» ብለው ሳህኑን ይሰበስባሉ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ማንም ይደውል፣ ማንም ይምጣ፣ ከመሸጣቸው በፊት «ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ካለ፣ ተነቃይ ነገር አይሸጡም፤ ወይ ከመዳፍ በሚሰፋ ጣውላ ላይ አጣብቀው ይሰጣሉ፣ ወይ ጉትቻ ግዙ ይላሉ። በሥራ ዘመናቸው ከሕፃናት ጉሮሮ ዶቃ፣ ቁልፍ፣ የባቄላ ፍሬ ሲወጣ አይተዋል። ያልወጣበትንም ቀን አይተዋል። «ሰው ትልቁን ነገር ይጠነቀቃል፤ ልጅ የሚነጥቀን ትንሹ ነው» ይሉን ነበር።

አሁን እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር። ዓምና ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን፣ ያለ እሳቸው እጅ፣ ሙሉ የበዓል ማዕድ ሠራሁ። ድፎ ዳቦ፣ ዶሮ ወጥ፣ አይብ፣ ከምስር የማይበልጡ ስድስት እንቁላሎች። እንቁላሎቹን አላጣበቅኋቸውም፤ ልቅ ሲሆኑ እውነተኛ ይመስላሉ። ሩዋንዳ ሰፈር የምትኖር ሰብለ የምትባል ወጣት እናት ፎቶውን አይታ ደወለች። ጠየቅኋት። «አዎ፣ መዳህ የጀመረች ልጅ አለችኝ» አለችኝ። ሥራዬን መልሼ በጣውላ ላይ ማጣበቅ አልፈለግሁም፤ እንደዚያ ሆኖ እንዲታይልኝ ፈለግሁ። የትዕዛዝ መዝገቡ ላይ «ሕፃን የለም» ብዬ ጻፍኩና ወስጄ ሰጠኋት።

በሦስተኛው ቀን ሰብለ ማዕዱ ዝቅ ባለች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚያሳይ ፎቶ ከምስጋና ጋር ላከች። ሲስተር በመነጽራቸው ላይ ሌላ መነጽር ደርበው አዩት። ከፎቶው ጥግ የሕፃን እግር ይታያል።

ፎርኖውን አጠፉ። «ተነሺ» አሉኝ። ታክሲ ውስጥ «ምን ብላሽ ነበር?» ሲሉኝ «የለም ነው ያለችኝ» አልኩ።

ሰብለ ቤት ስንደርስ እንቁላሎቹ አምስት ነበሩ። ሲስተር መጀመሪያ ሕፃኗን አቅፈው በጣታቸው አፏን ፈተሹ፣ ደረቷን አዳመጡ። ከዚያ በዚያ ዕድሜያቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው በስልክ መብራት ሶፋ ሥር ገቡ። ሰብለ ታለቅሳለች፤ እኔ እንደ ግንድ ቆሜያለሁ። ስድስተኛዋ ከምንጣፉ ጠርዝ ሥር ተገኘች። ሲስተር እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጠው በረጅሙ ተነፈሱ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የኔ ልጅ፣ ይቅር በይኝ» አሏት ሰብለን። ቆይተው ውኃ ልጠጣ ብለው ከእሷ ጋር ወደ ጓዳ ገቡ።

በማግስቱ ያባርሩኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። የትዕዛዝ ስልኩን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ከዛሬ ጀምሮ የምትጠይቂው አንቺ ነሽ፤ መዝገቡም ያንቺ ነው» አሉኝ። ውሸቴን አምነውኛል ብዬ ደስ አለኝ፤ ሌሊቱን ግን አልተኛሁም። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ሳልጠይቅ አልሸጥኩም። እውነቱን እነግራቸዋለሁ እያልኩ ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሞላ።

ከቀብሩ ማግስት በብሎኮቹ መሐል በተተከለው ድንኳን ሰብለ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ አሁን ትሮጣለች። አጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰችና «ያኔ ጓዳ ገብተን ጠይቀውኝ ነበር» አለችኝ። «ሕፃን እንዳለኝ ለሄለን ነግሬያታለሁ አልኳቸው። እሳቸው ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ለማንም አትንገሪ፣ ሄለንን እንዳታሳፍሪያት። ራሷ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ›።»

የሊዲያን ስልክ ስሰማ እንዲህ አልደነገጥኩም።

ሲስተር፣ ያን ቀን ስልኩን እጄ ላይ ያስቀመጡት እያወቁ ነበር ማለት ነው። ፎርኖው እስኪሞቅ ስንጠብቅ አንዳንዴ «የምትነግሪኝ ነገር አለ?» ይሉኝ ነበር። ስለ ትዕዛዝ የሚጠይቁኝ መስሎኝ «ምንም የለም» እል ነበር። ስንት ጊዜ በሩን እንደከፈቱልኝ፣ ስንት ጊዜ እንደዘጋሁብዎ ዛሬ ገባኝ። እርስዎ በትዕግሥት የሚታሙ ሰው አልነበሩም፤ ለእኔ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ታገሡ። እኔ ደግሞ ገና ብዙ ማክሰኞ ያለን መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ የሚያውቁዎት ሁሉ እየሰሙ ልንገርዎ። ሰብለ ሕፃን እንዳላት ነግራኛለች። በደንብ ሰምቻታለሁ። ሰምቼ ነው «የለም» ብዬ የጻፍኩት። በሰላም ይረፉ፣ ሲስተር፤ ከእንግዲህ አይጠብቁኝ።